ቤት የሚበላው እሳት
ስለ መኖሪያ ቤት የሕንፃ መሣሪያዎችና ስለ ኃይል ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር





ስለ መኖሪያ ቤት የሕንፃ መሣሪያዎችና ስለ ኃይል እንድናገር የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ሲጋብዘኝ ርእሱ እጅግ ሰፊ፥ የተሰጠኝ ጊዜ ግን አጭር መሆኑን ተገንዝቤአለሁ። ስለዚህ ሁሉን ለማዳረስ አልሞክርም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ ይኸውም አንድ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ተሠርቶ እስኪያልቅ፥ ከዚያም በኋላ ሲኖሩበት ምን ያህል እሳት ይበላል የሚል ነው። እሳት ስል ማገዶውንም፥ ከሰሉንም፥ ነዳጁንም፥ ኤሌክትሪኩንም ማለቴ ነው።

ጥያቄው ለዋና ከተማችን እንግዳ አይደለም። እንደሚታወቀው ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ መናገሻቸውን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ካሰቡባቸው ምክንያቶች ዋናው በከተማዋ ዙሪያ የነበረው የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት በማለቁ ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት በዚያው ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ሆነ። እንግዲህ አዲስ አበባ ገና በልጅነቷ የቤትና የእሳት ሒሳብ ሳይጣጣምላት ቀርቶ ልትፈታ የደረሰች ከተማ ናት። ያ ሒሳብ ዛሬም አልተዘጋም፤ መልኩን ብቻ ለውጧል።

ሁለት እሳቶች

የቤትን እሳት በሁለት ከፍለን ልንመለከተው እንችላለን። የመጀመሪያው ቤቱ ሰው ሳይገባበት የሚነድደው ነው፤ ሲሚንቶው የሚቃጠልበት፥ ብረቱ የሚቀልጥበት፥ ጡቡ የሚተኮስበት፥ እነዚህንም ሁሉ የሚያመላልሰው ከባድ መኪና የሚፈጀው ኃይል ማለት ነው። ሁለተኛው ሰው ከገባበት በኋላ በየዕለቱ ለማብሰያ፥ ለመብራት፥ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ የሚነድደው ነው።

ብርዱ ብርቱ በሆነባቸው የሰሜን አገሮች ከሁለቱ የሚበልጠው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ሆኖ ኖሯል፤ ቤት ማሞቅ ግዴታ ነውና። ስለዚህ ከዚያ የሚመጡልን መጻሕፍትና የሥራ ደረጃዎች ስለ ግድግዳ ሙቀት መከላከያና ስለ ድርብ መስተዋት መስኮት ብዙ ይናገራሉ። በእኛ ደጋ ግን ቤቱን በማሞቂያ የሚያሞቅ ሰው ጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ ኃይላችንም በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በዚህ ምክንያት የእኛ ቤት ብርቱ እሳት የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ በሲሚንቶ ፋብሪካው ምድጃ፥ ሁለተኛው በወጥ ቤቱ ጉልቻ መካከል። የሌላውን አገር መጽሐፍ ገልብጠን ስናነብ እነዚህን ሁለቱን እንዘላቸዋለን። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

1. የፋብሪካው እሳት

ሲሚንቶ በአገራችን የሚመረተው በጣልያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ከተተከለው ፋብሪካ ጀምሮ ነው። በ1970ዎቹ የሙገር፥ ከዚያም በኋላ የመሰቦ፥ የደርባና የሌሎችም ፋብሪካዎች ተከተሉ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ የለሚ ፋብሪካ ተመረቀ። ይህ ሊያኮራን የሚገባ ሥራ ነው። ሆኖም የሲሚንቶን ተፈጥሮ ፋብሪካ በማብዛት ብቻ መለወጥ አይቻልም።

የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቃጠላል። ለዚህ የሚነድደው በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ነው። ነገር ግን ምድጃው በንጹሕ ኃይል ቢነድ እንኳ ጭሱ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ምክንያቱም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚወጣው ከከሰሉ ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩም ጭምር ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44ቱ ኪሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 7 ወይም 8 የሚሆነው ከሲሚንቶ ሥራ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሲሚንቶን እናውግዝ የሚል ካለ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ድልድይ፥ ግድብ፥ የፎቅ ቤት ምሰሶና መሠረት ያለ ኮንክሪት አይቆሙም። ክርክሬ ሲሚንቶ በማያስፈልግበት ቦታ ስለሚውለው ሲሚንቶ ነው። ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው ሲንር ስንትና ስንት ጅምር ቤት ጣሪያ ሳይለብስ እንደ ቀረ የምታውቁት ነው። በዚያ ጊዜ የአንዱ ቤት አጥር ልስን የሌላው ቤት መሠረት መሆን ይችል ነበር።

በመጀመሪያ ልናደርገው የምንችለው ቀላል ነገር አለ። ስምጥ ሸለቆአችን ፑሚስንና የመሳሰለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት ሰጥቶናል። ይህ ድንጋይ ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር ሲደባለቅ የሚገኘው ፖዞላና ሲሚንቶ በአገራችን ከተለመደ ቆይቷል። ተፈጥሮ አስቀድማ ያቃጠለችው ስለሆነ ዳግመኛ ምድጃ አያስፈልገውም። ለግንብ ማያያዣ፥ ለልስንና ለወለል ይኸኛው እየበቃ ቶሎ የሚጠነክረውን ተራውን ፖርትላንድ ሲሚንቶ ማዘዝ ማባከን ነው። አሁን በዓለም ላይ እየተስፋፋ ያለው ሌላው ዘዴ በ700 እና በ850 ዲግሪ መካከል የተቃጠለ ሸክላ አፈርን ከጥሬ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር መጨመር ሲሆን፥ ከምድጃ የሚወጣውን የሲሚንቶ ፍሬ እስከ ግማሽ ድረስ ሊተካ ይችላል።

2. የጭቃ ቤት እውነተኛ ጉድለት

ከፋብሪካው ወጥተን ወደ ግድግዳው እንምጣ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ የኖረውና ዛሬም የሚኖረው በእንጨትና በጭቃ ቤት ነው። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይመታል፤ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፥ ቀናት ቆይቶ ሲብላላ ይመረጋል። የጭዱ ሥራ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ማሰር ነው። ይህን ሥራ ያገኘው በዩኒቨርሲቲ የተማረ መሐንዲስ አይደለም፤ ነገር ግን ዛሬ በፋይበር የተጠናከረ ልስን እያልን የምናስተምረው መሠረተ ሐሳብ ያው ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፥ የጭቃ ቤት በእኛ በባለ ሙያዎች ዘንድ ስሙ ጊዜያዊ ነው። ይህ ስም ለምን ተሰጠው? ቤቱ የሚወድቀው ጭቃው ስለ ደከመ አይደለም። በምድር ውስጥ የተቀበረው እንጨት ይበሰብሳል፥ ወይም ምስጥ ይበላዋል፤ ከክፈፉ የሚወርደው ዝናብ መሬት መትቶ ሲፈናጠር የግድግዳውን እግር ይሸረሽራል። ሁለቱም የጭቃ ጥፋት ሳይሆኑ የአሠራር ጥፋት ናቸው። ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ እግር፥ በምድር ውስጥ ከመቀበር ይልቅ በድንጋዩ ላይ ቆሞ በብረት የታሰረ ቋሚ፥ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ፥ ከውጭም የኖራ ልስን ቢደረግለት የቤቱ ዕድሜ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በጎንደር በ17ኛው መቶ ዓመት የታነጹትን ግንቦች ድንጋይ ለድንጋይ ያያዘው ኖራ መሆኑን እናስታውስ።

በዚህ በኩል የዶርዜ ሰው ብልሃት ትምህርት ይሰጣል። የቀርከሃ ቤቱን ሲሠራ እጅግ ረጅም አድርጎ ነው። ምስጥ እግሩን ሲበላው ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም፤ አስፈላጊ ሲሆንም ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህ ሕዝብ የሕንፃ መሣሪያውን ጠላት ዐውቆ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ አስገብቶታል።

ይሁን እንጂ የጭቃ ቤትን ያለ መጠን ማመስገንም እውነቱን መሸፈን ነው። ቋሚው፥ ማገሩና ወራጁ ብዙ እንጨት ይፈጃሉ። ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ ቢሆንም መሬትና ውሃ ይሻማል። የከተማው ሕዝብ በዚህ ብዛት እያደገ ሳለ ሁሉም በእንጨትና በጭቃ ይሥራ ማለት አንዱን እሳት አጥፍቶ ሌላውን ማቀጣጠል ይሆናል። በእንጨት የሚተኮስ ጡብም እንዲሁ ነው፤ ከአፈር የተሠራ ስለሆነ ብቻ ተፈጥሮን የሚጠብቅ አይባልም።

3. በሲሚንቶ የጠነከረ የአፈር ብሎኬት

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ እንጨት የማይፈልግ፥ የማይተኮስ፥ በጥቂት ሲሚንቶ የሚጠነክር፥ በመጭመቂያ የሚሠራ የአፈር ብሎኬት ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ሲንቫ ራም የተባለው የእጅ መጭመቂያ ከተሠራ ወዲህ ይህ ዘዴ በብዙ አገሮች ተሞክሯል። በ2010 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ሕንፃ ተቋም ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ በአፈር የተሠራ ባለ ሁለት ደርብ የናሙና ቤት አቁሟል። በየመን የሺባም ከተማ ደግሞ ከ5 ፎቅ በላይ ከፍታ ያላቸው የጭቃ ጡብ ቤቶች ለመቶዎች ዓመታት በየጊዜው እየተለሰኑ ቆመው ይኖራሉ።

አሁን ሁላችንም ልንከታተለው የምንችል ሒሳብ ላቅርብ። ባለ አንድ ደርብ ቤት 3 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድግዳ በገዛ ክብደቱ እግሩን የሚጫነው በካሬ ሳንቲ ሜትር 0.6 ኪሎ ያህል ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሲጨመርበትም 1 ኪሎ አይደርስም። በደንብ የተሠራ የአፈር ብሎኬት ግን እርጥብ ሆኖ እንኳ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ይሸከማል። ስለዚህ ጥያቄው የጥንካሬ ሳይሆን የውሃ ነው፤ ግድግዳውን ከውሃ ከጠበቅነው ጥንካሬው ተርፎታል።

ወደ ሲሚንቶው መጠን ስንሄድ፥ አንድ ካሬ ሜትር ባለ 20 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ብሎኬት ግድግዳ 12.5 ብሎኬት ይወስዳል። በአንዱ ብሎኬት 1.4 ኪሎ ሲሚንቶ ብንገምት 17.5 ኪሎ፥ ለማያያዣው 4.5 ኪሎ፥ በሁለት ወገን ለሚለሰነው 14 ኪሎ፥ በድምሩ 36 ኪሎ ይሆናል። ባለ 14 ሳንቲ ሜትር የአፈር ብሎኬት ግድግዳ ከመቶ 6 ሲሚንቶ ቢገባበት ለብሎኬቱ 14፥ ለማያያዣው 4፥ በድምሩ 18 ኪሎ ይፈጃል፤ ፊቱ ንጹሕ ስለሆነ ልስን አያስፈልገውም። ልክ ግማሽ ማለት ነው።

ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ሠራተኛው አፈሩን ሳይመረምር ለእርግጠኝነት ብሎ ከመቶ 10 ሲሚንቶ ቢጨምር፥ ባለ ቤቱም አፈር መሆኑ እንዳይታይበት ግድግዳውን በሁለት ወገን ቢያስለስነው ድምሩ ወደ 41 ኪሎ ይወጣል። ልንቆጥብ ተነሥተን ከሲሚንቶው ብሎኬት አለፍን ማለት ነው! እንግዲህ ቁጠባው ያለው አፈር በሚለው ስም ውስጥ አይደለም፤ በምርመራውና በአሠራሩ ጥንቃቄ ውስጥ ነው።

ምርመራው ደግሞ ታላቅ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። ርዝመቱ 60፥ ስፋቱና ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት ሣጥን እርጥብ አፈር ተሞልቶ ሲደርቅ ምን ያህል እንዳጠረ ይለካል። እጅግ የሚያጥር አፈር ሸክላነቱ የበዛ ስለሆነ አሸዋ ይጨመርበታል፤ ካልሆነም ይተዋል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ የሚያብጥ፥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብሎኬቱ ከተጨመቀ በኋላም ቢያንስ ለ7 ቀን ተሸፍኖ በእርጥበት መቆየት፥ ወደ ግንብ ሥራ ከመግባቱ በፊትም 28 ቀን መሙላት አለበት። በአንዲት የክልል ከተማ ብሎኬቱ በተጨመቀ በማግሥቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲፈረፍር፥ መጭመቂያውም ዝጎ በመጋዘን ጥግ ተጥሎ አይቼአለሁ። በዚያ ከተማ ሰዎች የደረሱበት መደምደሚያ አፈር አይሆንም የሚል ነበር። የጎደለው ግን ውሃ አጠጪና ተቈጣጣሪ ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። የአፈር ግንብ ከባድና ተሰባሪ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ተከታትሎ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አገራችን በምን ዓይነት ምድር ላይ እንደ ተቀመጠች አስታውሶናል። በስምጥ ሸለቆና በአቅራቢያው የሚሠራ የአፈር ብሎኬት ቤት በመስኮቶቹ ላይና በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚያስር የኮንክሪት ቢም፥ በማእዘኖቹም ቀጥ ያለ ብረት ሊኖረው ግድ ነው። ከግድግዳው የተቆጠበው ሲሚንቶ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው።

4. ፀሐይና ጣሪያ

አሁን ስለ ሁለተኛው እሳት፥ ማለት ሰው ከገባ በኋላ ስለሚነድደው እናገራለሁ። ማሞቂያ የሌለው የደጋ ቤት ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ብርዱ በሚበረታበት በታኅሣሥ ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ በ58 ዲግሪ ገደማ ላይ ትቆማለች። 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ በዚያን ጊዜ በደቡቡ ግድግዳ ላይ የሚጥለው ጥላ 96 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ግድግዳና መስኮት ይሞቃል። ሙቀቱ በሚጨምርበት በመጋቢት ግን ፀሐይ 81 ዲግሪ ላይ ስለምትወጣ ያው ክፈፍ 3.8 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ግድግዳው በሙሉ ይጠለላል። ያለ አንዲት ሳንቲም ወጪ፥ ቤቱን በማዞር ብቻ፥ ፀሐይን በብርድ አስገብተን በሙቀት ማስወጣት እንችላለን። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያፈጠጠ ሰፊ መስኮት ግን ዝቅ ብላ የምትመጣውን ፀሐይ በክፈፍ አይከላከልም። የቦታ ፕላን ስናወጣ መንገዱን ብቻ አይተን ቤቶችን ስንደረድር ይህን ስጦታ እንጥለዋለን።

ጣሪያውን በሚመለከት፥ ኮርኒስ የሌለው ነጠላ ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት ሙቀቱን ለሰማይ ሰጥቶ ይቀዘቅዛል። በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል አየር የሚመላለስበት ክፍት ቦታ መተው ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ስለ ደጋ የተነገረ ነው። ቀኑ ሐሩር ሌሊቱ ቀዝቃዛ ለሆነበት ደረቅ ቆላ ወፍራም ግድግዳና ትንሽ መስኮት፥ እርጥብ ሙቀት ላለበት ለጋምቤላ ደግሞ ነፋስ የሚያሳልፍ ቀላል ግድግዳ ይስማማል። ለሁሉም ክልል አንድ ዓይነት ፕላን አባዝቶ መላክ ይህን መርሳት ነው።

5. የወጥ ቤቱ እሳት

ከቤቱ እሳት ሁሉ ትልቁ፥ በፕላናችን ላይ ግን ትንሹን ቦታ የሚያገኘው የወጥ ቤቱ እሳት ነው። አብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፥ በኩበትና በከሰል ነው። ከእንጦጦ ጫካ ከባድ ሸክም ይዘው የሚወርዱት እናቶችና እኅቶች የዚህ ሒሳብ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ጭሱንም የሚተነፍሱት እነርሱና በጀርባቸው ያዘሉአቸው ሕፃናት ናቸው።

ምርጥ ምጣድ የተባለው ከፑሚስና ከሲሚንቶ የሚሠራው ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚደረገው ጋገራ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚሆን እንጨት ይቆጥባል። ቤቱን የሚሠራው ሰው ይህን ምድጃ ከወጥ ቤቱ ወለል ጋር አብሮ ቢሠራው፥ ጭስ መውጫውንም በጣሪያው ላይ ቢተውለት ወጪው ከአንድ በር ዋጋ አይበልጥም። ጥቂት ኪሎ ሲሚንቶ ለብዙ ዓመት እንጨት ሲያድን ማየት ከፈለግን ያለ ጥርጥር እዚህ ነው።

በከተማ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 20 አባወራ የሚኖርበት አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በበዓል ዋዜማ ሁሉም ቢጋግሩ 70 ኪሎ ዋት ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ሽቦው ለመብራት ብቻ ከተሠላ ሰዎች ግድግዳው ዘመናዊ በሆነ ቤት ውስጥ ወደ ከሰል ይመለሳሉ። ግድቡ የሰጠን ኃይል ወጥ ቤት ደጃፍ ደርሶ እንዳይመለስ የማድረግ ኃላፊነት የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ክቡራን የማኅበራችን አባሎች፥ የተናገርሁት ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። ታዲያ ለምን አይሠራበትም? ቢባል፥ አንዱ ምክንያት በእኛ እጅ ያለ ይመስለኛል። የሥራ ዝርዝሩንና ስፔሲፊኬሽኑን የምንጽፍ እኛ ነን። በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈውን ተቋራጩ አይሠራም፤ ባንኩም አያውቀውም። ባለ ቤቱም የመሐንዲስ ፊርማ በሌለበት መሣሪያ ገንዘቡን አያፈስስም። አፈርን የድሃ መሣሪያ ያደረገው ድሃው አይደለም፤ ፊርማችንን የነፈግነው እኛ ነን።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ እያንዳንዱ አባል በሚያወጣው የመኖሪያ ቤት ፕላን ላይ ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል የሚፈጀውን የሲሚንቶና የብረት ኪሎ ይጻፍ። የማይቆጠር ነገር አይቆጠብምና። ሁለተኛ፥ ማኅበሩ ስለ አፈር ምርመራ፥ ስለ ብሎኬት አያያዝና በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ስለሚጠብቀው ማሰሪያ አንድ አጭር የሥራ መምሪያ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ያዘጋጅ። የሚያነበው የግንበኛ አለቃው ስለሆነ ሥዕሉ ብዙ፥ ቃሉ ጥቂት ይሁን። ሦስተኛ፥ ወጥ ቤት የሌለው፥ ወይም ጭስ መውጫውና የምጣዱ መስመር ያልተሠላ ፕላን ያላለቀ ሥራ ሆኖ ይቆጠር።

ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም አዋጅ አይጠብቅም፤ ሰኞ ጧት በየሥዕል ጠረጴዛችን ላይ ልንጀምራቸው እንችላለን። ሊቀ መንበሩ ቢፈቅዱልኝ፥ በተለይ ስለ መምሪያው አዘገጃጀት ከአባሎች የሚቀርበውን ጥያቄና ተቃውሞ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።